የአሥራ አምስት ቀን መንገድ

ወይዘሮ እታገኝ ምራታቸውን አጎረሱ። በሌላ ሰው ቤት ቢሆን ይህ ወሬም አይሆን ነበር። በግዛቸው ቤት ግን ጉድ ነው፤ እናቱ በስድስት ዓመት ውስጥ የጽጌማርያምን ጉርሻ በዓይናቸው ሲቆጥሩ እንጂ በእጃቸው ሲሰጧት ታይተው አያውቁም። ዛሬ ገና ረፋዱ ላይ፣ ለእንግዳ ብለው የሰቀሉትን ቋንጣ አውርደው፣ ቅቤ ሳይሰስቱ ሠርተው፣ ምራታቸውን ራሳቸው የሚቀመጡበት መደብ ላይ አስቀምጠው፣ «ብይ እንጂ፣ እህል እንደ ጠላት በሩቁ አይታይም» እያሉ ይጠቀልሉላታል። ጽጌማርያም አንዴ ጉርሻውን፣ አንዴ የአማቷን ፊት፣ አንዴ በር ላይ የቆመውን ባሏን ታያለች። ግዛቸው በዚህ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ቤት መጥቶ አያውቅም። አፏ ባይሞላ ኖሮ ምን ሆንክ ብላ ትጠይቀው ነበር። እሱም አፏ ስለሞላ በልቡ ፈጣሪውን አመሰገነ።

ያን ዕለት ጠዋት ዲላ ላይ አውሮፕላን አርፎ ነበር። ዘመኑ 1930 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ግንቦት። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ከከተማው በታች ያለውን የግጦሽ ሜዳ የጌዴኦን ገበሬ በግድ እያስቆፈረ ካስተካከለ ወዲህ፣ በወር አንዴ ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን ፖስታና መድኃኒት አራግፎ፣ ሲመለስ ቢገኝ ጥቂት ጆንያ ቡና ጭኖ ይሄዳል። መጀመሪያ የመጣ ቀን ሰዉ ሁሉ እንሰቱ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አውሮፕላን እሳት የሚጥል ነገር መሆኑን ከጦርነቱ የተመለሱ ሰዎች ነግረውታልና። አሁን ለምዶት፣ ገና ድምፁ ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ሊያየው ይሮጣል። ያስፈራውም አውሮፕላኑ፣ የሚያስቀውም አውሮፕላኑ፣ ሰው ምን የማይለምደው ነገር አለ።

በዚያ አውሮፕላን ገብረኪዳን መጣ። ገብረኪዳን አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ የጽጌማርያም እናት የወይዘሮ ሙሉነሽ ጎረቤት ሆኖ ያደገ ጎልማሳ ነው፤ ለአንድ ጣሊያን ካፒቴን ወጥ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ይኖራል። ካፒቴኑ ሆዱን የሚያመው ሰው ስለሆነ ሌላ ሰው የሠራውን አይበላም፤ ለግማሽ ቀን ጉዳይ ዲላ ሲመጣ እሱንም ከነድስቱ ይዞት መጣ። ገብረኪዳን ከሜዳው በቀጥታ የግዛቸውን የጨርቅ ሱቅ እየጠየቀ ደረሰ። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳይጨርስ ተናገረ።

«እማማ ሙሉነሽ አሟቸዋል ጋሼ። ጽጌን አምጣልኝ ብለውኛል። ካፒቴኑን ለምኜዋለሁ፤ አውሮፕላኑ ሲመለስ ባዶ ስለሆነ ጆንያ ላይ ትቀመጥ ብሏል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንነሣና ዐሥራ አንድ ሳይሞላ እዚያ ነን። አንድ ሰዓት ተኩል ነው መንገዱ፣ ከዚያ አያልፍም።» ከዚያም ከብብቱ ሥር አንድ የታጠፈ ሻሽ አወጣ። አንዱ ጫፉ ላይ የተቋጠረ ነገር አለው። «ይሄን ስጥልኝ ብለዋል።»

ግዛቸው መደርደሪያውን ይዞ ቆመ። በልቡም «ነፍስ ይማር» አለ።

እዚህ ላይ ግዛቸውን ሞኝ ነው የሚል ሰው ዲላን አያውቅም። ዲላ ውስጥ አዲስ አበባ ማለት አሥራ አምስት ቀን ማለት ነው። በበጋ ካሚዮን ያገኘ በሦስት በአራት ቀን ይደርስ ይሆናል፤ ዝናቡ ሲገባ ግን ካሚዮኑም፣ በቅሎውም፣ እግረኛውም ጭቃው ውስጥ እኩል ናቸው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ «እገሌ ታመመ» የሚል ወሬ ዲላ ሲደርስ፣ ሰውዬው ወይ ድኖ ሥራው ላይ ነው፣ ወይ አርባው ሊወጣ ነው። ለዳነ ሰው ደግሞ መልእክተኛ አይላክም። የአገሩ ሰው ይህን ሒሳብ ሳይማረው ያውቀዋል። ደግሞም ጨዋ የሆነ መልእክተኛ ሞተ አይልም፤ ትንሽ አሞታል ብሎ ውሃ ይጠጣና ይቀመጣል። ዘመድ ይገባዋል። ለሐዘኑ ባለቤት ሳይነገር ይበላል፣ ይጠጣል፣ እንዲበረታ ይደረጋል። የሥጋ ዘመድ ከያለበት ይጠራል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሰብሰብ ተብሎ ይረዳል። መርዶ በቀትር፣ በመንገድ፣ ባዶ ሆድ ላይ አይነገርም፤ እንዲያ የሚያደርግ ያልታደለ ሰው ነው።

«መቼ ታመመች?» አለ ግዛቸው፣ ለወጉ ያህል።

«ሳምንታቸው ነው።»

«ትናገራለች?»

«ምነው ጋሼ፣ ይናገራሉ እንጂ!»

ጨዋ ልጅ ነው አለ ግዛቸው በሆዱ፤ እናቱ አሳድጋዋለች። ሻሹን በሁለት እጁ ተቀበለ። የሟች ልብስ መሆኑ ነው። ጽጌማርያም በድንገት ሱቅ ብትመጣ እንዳታየው ከአቡጀዲው ጣቃ ጀርባ ወሸቀው። ለገብረኪዳን «እሺ፣ እንመክርበታለን» አለው። ገብረኪዳን ምን የሚመከር ነገር እንዳለ አልገባውም፤ ካፒቴኑ ቁርሱን እንደሚጠብቅ ትዝ ስላለው ግን «ዘጠኝ ሰዓት ጋሼ፣ እንዳትረሱ» ብሎ እየሮጠ ወረደ።

ግዛቸው ሱቁን ዘግቶ ወደ ጋሽ ጓንጉል ሄደ። ጋሽ ጓንጉል ድሮ ከጎንደር ከመጡ ወታደሮች የተወለዱ፣ ጢማቸው የነጣ፣ ድምፃቸው የማይቸኩል ሽማግሌ ናቸው። በዲላ መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ አንድ ጊዜ አረዱ፣ ሴትዮዋ ራሷን ሳትጎዳ አለቀሰች፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ እሳቸውን ይጠራል። ግዛቸው የሆነውን ሲነግራቸው እንኳንስ ሊደነቁ ቀና ብለውም አላዩትም። «በጣሊያን አውሮፕላን መርዶ መጣ በለኛ» አሉ። ከዚያ ነገሩን ሁሉ መልክ አስያዙት። ጽጌማርያም በዚህ አገር ያላት የሥጋ ዘመድ የእናቷ ወንድም ቄስ ተክለማርያም ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ያሉት ቡሌ ነው፣ ደጋ ላይ። አሁኑኑ ሰው ቢላክ ለማታ ይደርሳሉ። ነገ ጎህ ሲቀድ ይረዳል። እስከዚያ ልጅቱ ትብላ፣ ምንም አትስማ፣ ወደ ገበያ አትሂድ። «አውሮፕላኑስ?» አለ ግዛቸው። ጋሽ ጓንጉል ገረማቸው። «የእናቷን መሞት ሳታውቅ ሄዳ ለቅሶ ቤት ድንኳን ላይ ልትወድቅ? ተው ልጄ፣ ይሄስ ለጠላትም አይገባ።»

እንግዲህ ቋንጣው የወረደው ለዚህ ነው።

ግዛቸው ምሳውን ከቤት በላ፤ በላ ከተባለ። እናቱ ይጠቀልላሉ፣ ሚስቱ ታኝካለች፣ እሱ ያያል፤ ሦስቱም ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ዝናቡ ባይኖር ምን ሊያወሩ ነበር። ጨው እንደገና መወደዱን፣ ነጋዴው ሊሬ አልቀበል ብሎ ብር አምጣ ማለቱን፣ ለዚህም አንድ ሰው መገረፉን እታገኝ አነሡና ወሬው እዚያው ቀረ። ጽጌማርያም ተነሥታ ዕቃ ልታነሣ ስትል ተከለከለች። ውሃ ልትቀዳ ስትል ተከለከለች። ሥራ የለመደች ሴት እጇን የምታኖርበት አጥታ የነጠላዋን ጥለት ትፈትላለች።

«ያ አውሮፕላን ከየት ነው የመጣው?» አለች በመጨረሻ።

«ከአዲስ አበባ ይሆናል» አለ ግዛቸው።

«ዛሬ ተነሥቶ?»

«ዛሬ ጠዋት ይላሉ።»

ጽጌማርያም ወደ በሩ አየች። «እንግዲያው በእማዬ ደጅ ላይ አልፎ ይሆናል» አለች። «ሰው ሁሉ ሊያየው ወርዷል። እኔም ልየው?»

እታገኝና ግዛቸው በአንድ አፍ «አይሆንም» አሉ። እንዲያው አንዱ ብቻ ቢናገር ኖሮ ይሻል ነበር። ጽጌማርያም ሁለቱንም አየቻቸው። «ምን ደብቃችሁኛል?» አለች። ግዛቸው «ምን እንደብቅሻለን» አለ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። እሷም የአገሩ ልጅ ናት፤ በመርዶ ቤት የሚጠየቅ ጥያቄ እንደሌለ ታውቃለች። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ግዛቸው አብሯት መቀመጥ አልቻለምና ጫማውን አድርጎ ወጣ። ይወዳት ነበር። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነውን፣ ዓመት ዓመት እናቷ በነጋዴ እጅ የምትልክላትን ጤና አዳም ስትቀበል የምታደርገውን ሁሉ ይወደዋል። ጤና አዳሙ አሥራ አምስት ቀን በአህያ ጭነት መሐል ተጉዞ ሲደርስ ደርቆ፣ ተሰባብሮ፣ ዱቄት ሆኖ ነው። እሷ ግን ዱቄቱን መዳፏ ላይ አድርጋ ታሸታለች፤ «ሽታው የለም፣ ግን የእሷ ነው» ትላለች። ግዛቸው ይህን እያሰበ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሱቁ አጠገብ ሀጅራ ጨውና በርበሬ ትሸጣለች። የጉራጌ ልጅ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ሱቅ ይዛ ማንንም የማትፈራ። ግዛቸው በሩን ከፍቶ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ አየችውና መጣች። ከጋሽ ጓንጉልና ከእናቱ በቀር ለማንም አልነገረም ነበር፤ ለእሷ ነገራት። ሀጅራ ሰምታ ስትጨርስ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ምን ትጠብቃለህ ታዲያ?»

«ቄስ ተክለማርያምን።»

«እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ወዲያው ይነገራል፣ ወዲያው ይቀበራል። አላህ የወሰደውን ደብቀህ የት ልታደርሰው? ስማኝ፣ ሞታም ቢሆን መቃብሯ አፈሩ ሳይደርቅ ትድረስላት። ደግሞ ካልሞተችስ?»

«እንዴት አትሞት?»

«ልጁ ታማለች ነው እኮ ያለህ!» አለች ሀጅራ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው። ገዢ ስለመጣባት ተመልሳ ሄደች፤ ቃሏ ግን ግዛቸው ዘንድ ቀረ። ሁለት ክንድ አቡጀዲ ለፈለገ ሰው ሦስት ለካለት። ሌላውን ደግሞ ጨርቅ የለም ብሎ ከተከመረው ጨርቅ ፊት መለሰው። ስምንት ሰዓት አልፎ ይሆናል፤ ፀሐዩ ከደመናው ወጥቶ የሱቁን ደፍ ትቶ አልፏል። ግዛቸው አላስችል ብሎት ተነሣ፣ በሩን ሳይቆልፍ ወደ ሜዳው ወረደ።

ሜዳው ገበያ መስሏል። ቡና ለቃሚው፣ ወንዝ የወረደው ልብስ አጣቢ፣ ቆጮ ሻጩ ሁሉ አውሮፕላኑን በሩቅ ከቦ ቆሟል፤ ሁለት ዘብ ጠመንጃ ይዘው ያጥሩታል። ከሰዉ መሐል ጋሽ ጓንጉል በከዘራቸው ተደግፈው ቆመዋል። ግዛቸውን ሲያዩ ትንሽ አፈሩ፤ «በዚህ በኩል ሳልፍ ነው» አሉ፤ ቤታቸው ግን በወዲያ በኩል ነው። ገብረኪዳን ጆንያ ሲያስጭን አያቸውና ዘቡን በጣሊያንኛ አናግሮ መጣ። ዓይኑ ከኋላቸው ሰው ይፈልጋል።

«እትዬ ጽጌስ?»

«አልመጣችም» አለ ግዛቸው።

«ለምን? ጋሼ፣ እኔ ምን ብዬ ነው የምመለሰው? ቦታ ይዤላታለሁ፣ እዚያ፣ ጋቢዬን ያነጠፍኩበት ጆንያ ላይ።» ገብረኪዳን በእጁ አሳየ። «ዛሬ ጎህ ሲቀድ እጃቸውን ስሜ ነው የወጣሁት። ትራስ ተደግፈው አብሽ ሲጠጡ ነው የተውኳቸው። ማርያምን! ዛሬ ነው የምልህ፣ ዛሬ ጠዋት! ሐኪሙ ብዙም አይቆዩ ብሏል፣ እሳቸውም ያውቁታል፤ ለዚህ እኮ ነው የላኩኝ።»

«ዛሬ ጠዋት» የሚለው ቃል ግዛቸው ላይ አንድ ነገር አደረገ። በዕድሜው ሁሉ አዲስ አበባ ያለን ሰው ዛሬ ጠዋት አየሁት የሚል ሰው ገጥሞት አያውቅም። ቃሉን እያመላለሰ ሞከረው፤ በሒሳቡ ውስጥ የሚገባበት ቦታ አጣለት። ወደ ጋሽ ጓንጉል ዞረ። ሽማግሌው በክንዱ ይዘው ፈንጠር አደረጉት።

«ባይምል ኖሮ እኔም እጠራጠር ነበር» አሉት በሹክሹክታ። «ለእውነተኛ በሽተኛ ማን ይምላል? ሠላሳ ዓመት መርዶ ሳረዳ፣ ያልማለ መልእክተኛ አልገጠመኝም። አብሽ ጠጣች ይላሉ፣ ተነሥታ ተቀመጠች ይላሉ። ደግሞስ ለታመመች ባልቴት አውሮፕላን የሚሰጥ ጣሊያን አይተህ ታውቃለህ? ለሞት ነው፤ ለሞት ጠላትም ያዝናል።»

ይህ የመጨረሻው ነገር ግዛቸውን ረታው። እውነትም ለታመመ ሰው አውሮፕላን የሰጠ ጣሊያን አይቶ አያውቅም። ነገር ግን ረትቶትም አላሳረፈውም። ገብረኪዳን እጆቹን ዘርግቶ እንደቆመ ነው። ካፒቴኑ ከሩቅ በፈረስ ሲመጣ ታየ፤ ከሞተሮቹ አንዱ አጓራ፣ ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። ግዛቸው ያን ጊዜ ጋቢ የተነጠፈበትን ጆንያ በተከፈተው በር አየው። ባዶ ነበር። «ትሂድ» አለ ጮክ ብሎ። እናቷ ሞታም ትሁን ድናም ትሁን፣ ትሂድ። ጋሽ ጓንጉል ምን አልክ ሳይሉት መሮጥ ጀመረ።

ከሜዳው እስከ ቤቱ ዳገት ነው፤ ዳገቱም ጭቃ። አንድ ጫማው ተነቅሎ ቀረ፣ አልተመለሰለትም። ነጋዴው ግዛቸው፣ ክንድ ለክቶ የሚናገር ሰው፣ በአንድ ጫማ ሲሮጥ ያየ ሁሉ ቆሞ አየው። የሚላትን በአፉ ያዘጋጃል፤ ነጠላሽን አድርጊ፣ እናትሽ ትጠራሻለች፣ ሌላውን በመንገድ እነግርሻለሁ። አጥሩ ጋ ሲደርስ እናቱ ከውስጥ ወጥተው በደረታቸው ዘጉት። ፊቱን አይተው ሁሉንም አወቁ።

«አብደሃል?»

«ልቀቂኝ እማዬ። ትሂድ፤ እናቷ ትሙትም ትዳንም ትድረስላት።»

«ማን ይዟት?» አሉ እታገኝ። ክፉ ሴት አልነበሩም። በዚያች ሰዓት ምራታቸው ልጃቸው ሆና ታየቻቸው፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርድ ነበር። «ያ ልጅ በመንገድ አምልጦት ቢነግራትስ? ከፈረንጅ መሐል፣ ዘመድ በሌለበት፣ ሰማይ ላይ ስታለቅስ ማን ይይዛታል?»

ሰማይ ላይ የሚይዛት ሰው እውነትም አልነበረም። ግዛቸው እናቱን ገፍትሮ ማለፍ ይችል ነበር፤ አሮጊት ናቸው። አልገፋቸውም። እዚያው አጥሩ ላይ እንደተያያዙ የሦስቱ ሞተር ድምፅ ከቁልቁል ተነሣ፣ ከፍ አለ፣ ቀረበ። ጽጌማርያም ድምፁን ሰምታ ከቤት ወጣች። አውሮፕላኑ ከእንሰቱ አናት በላይ፣ ሆዱ እስኪታይ ዝቅ ብሎ መጣና በጣራቸው ላይ አለፈ። ጽጌማርያም ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወደ ላይ አውለበለበችለት።

«እማዬን ሳምልኝ!» አለች። ሳቀችም፤ አፏን በእጇ ሸፍና። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቋ ነበር። ወደ ባሏ ስትዞር ግን ሳቋ ቆመ። «ምነው አንድ እግርህ ባዶ ነው?» አለችው። ጭቃ ያዘብኝ አላት።

ቄስ ተክለማርያም ከቡሌ ዝናብ ደብድቧቸው፣ ጀምበር ስትጠልቅ ደረሱ። ለጽጌማርያም ለጉዳይ መጣሁ አሏት። የእህታቸውን ልጅ ስመው ዓይኗን ሳያዩ ተቀመጡ። እሷም እግራቸውን አጠበች፤ ውሃው ሲቀዘቅዝም ማጠቡን አላቆመችም። እራት ቀረበ፣ ሁሉም በላ፣ ሁሉም ተኛ ተባለ።

ጎህ ሲቀድ ጋሽ ጓንጉል ሥራቸውን እንደሚያውቁት ሠሩት። ጎረቤት ሁሉ ቀስ ብሎ ገባ፤ ሁለት ሴቶች በግራና በቀኟ ተቀመጡ። ሽማግሌው ስለ አዳም ጀመሩ፣ ስለ ኢዮብ አሉ፣ የራሳቸውን እናት ሞት አነሡ። ጽጌማርያም አቋረጠቻቸው። «ከጉርሻው ጀምሮ አውቄዋለሁ አባቴ» አለች። «ማን መሆኑን ብቻ ይንገሩኝ።» ነገሯት። ያን ጊዜ ጮኸች። ደረቷን ስትመታ እጇን ይዘዋት፣ ግቢው በለቅሶ ሞላ። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ የሟች ልብስ ይወጣለታልና ግዛቸው ከሱቅ ያመጣውን ሻሽ አውጥቶ ለአልቃሿ ሰጣት። አልቃሿ ሻሹን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ አወረደች፦

«መንገዱ ቢርቅሽ፣ ባይደርስልሽ እግሯ፣
ሻሽሽ መጣላት በሰማይ ካገሯ።»

ሰዉ ተቀበለ። ሻሹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ጽጌማርያም ጋ ደረሰ። ፊቷን ቀበረችበት። ከዚያ ጣቶቿ ጫፉ ላይ ያለውን ቋጠሮ አገኙት። አጠገቧ ያለችው ሴት ልትፈታላት ሞከረች፣ እምቢ አላት። ጽጌማርያም ተቀበለቻትና በጥርሷ ወደ ጎን ሳብ አደረገችው፤ ተፈታ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ግራኝ ነበሩ፤ ቋጠሯቸው ሁሉ በተቃራኒው ስለሆነ በልጅነቷ የለመደችው እሷ ብቻ ናት። ከውስጡ አንድ ቅርንጫፍ ጤና አዳም ወጣ።

አረንጓዴ ነበር። ጫፉ ጠውለግ ብሏል፤ ግንዱ የተቀጠፈበት ቦታ ግን ገና እርጥብ ነው። ሽታው በለቅሶው ላብና በእርጥብ ጋቢ መሐል ብድግ አለ። ጽጌማርያም አየችው። ማልቀሷን አቆመች። ሁለቱ ሴቶች ራሷን ስታለች ብለው ያዟት።

«ይህን ማን አመጣው?» አለች።

«ገብረኪዳን» አለ ግዛቸው። «በአውሮፕላኑ።»

«ትናንት?»

«ትናንት።»

«ይህን የቋጠረችው እሷ ናት። ቋጠሮው የእጇ ነው። ቅጠሉም የትናንት ነው።» ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ ራሷም እየሰማችው እንዳለ ሰው። «ምን አለህ ገብረኪዳን? ቃሉን ንገረኝ።»

ግዛቸው ነገራት። ታማለች ማለቱን፣ ጽጌን አምጣልኝ ማለታቸውን፣ አብሹን፣ ማርያምን ማለቱን፣ ዐሥራ አንድ ሳይሞላ እዚያ ነን ማለቱን፣ ጋቢ የተነጠፈበትን ጆንያ፣ ሻሹን ከአቡጀዲው ጀርባ መወሸቁን። አንዱንም አልዘለለም። ሲናገር ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው አንድ በአንድ ለቅሶውን ተወ። ውጭ ያለው ግን አልሰማም፤ አዲስ መጪ ሴቶች በበሩ ሲገቡ «ወይኔ ሙሉነሽ!» እያሉ ይጮኹ ነበር፤ ሀጅራ ወጥታ አፋቸውን በእጇ እየያዘች ዝም አሰኘቻቸው። ጋሽ ጓንጉል «ሠላሳ ዓመት…» ብለው ጀመሩና ከዘራቸውን ፈልገው ያዙ፤ አልተነሡበትም።

«ስድስት ዓመት የላከችልኝ ሁሉ የደረሰኝ ዱቄት ሆኖ ነው» አለች ጽጌማርያም። «መንገዱ ማጠሩን በዚህ ልትነግረኝ ነበር። አንተ ከአቡጀዲ ጀርባ ደበቅከው። ዘመድ ተጠራ፣ ቋንጣ ወረደ፣ ሁላችሁም መከራችሁብኝ። እኔን የጠየቀኝ የለም።» ግዛቸው ሊናገር አፉን ከፈተ። «እወድሻለሁ ብለህ ነው፣ አውቃለሁ» አለችው። «በአንድ ጫማ ስትመጣ አይቼሃለሁ። ግን እማዬ ትናንት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን ስታይ ነበር። እሱን ምን ላድርገው?»

የሚቀጥለው አውሮፕላን ከወር በኋላ ነው፤ ካፒቴኑም ሁልጊዜ ገብረኪዳንን ይዞ አይመጣም። ካሚዮኖቹ መንገዱ ተቆርጦ ከቆሙ ሰነበቱ። ጽጌማርያም ተነሣች። ለለቅሶ የታጠቀችውን መቀነት ፈታች፣ ለመንገድ እንደሚታጠቁት አጥብቃ ታጠቀችው። ጤና አዳሙን መልሳ በሻሹ ቋጠረችና ጡቷ ሥር አደረገችው። ቄስ ተክለማርያም «እኔም ወንድሟ ነኝ» ብለው እርጥብ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ግዛቸው ሀጅራ ጨው የምትጭንበትን በቅሎ ወደ አሰረችበት ሄደ። እታገኝ ጓዳ ገብተው በሶ በአቁማዳ ሞልተው ወጡ፤ ስለቸኮሉ ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ። አቁማዳውን በምራታቸው ትከሻ ላይ ሲያንጠለጥሉ እንደምንም አንድ ማጽናኛ ፈልገው አገኙ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ። «በቁሟ የተለቀሰላት ሰው ዕድሜዋ ይረዝማል ይባላል።»

ጽጌማርያም የአቁማዳውን ማንገቻ አስተካከለች።

«ብዙ አልፈልግም እሜቴ» አለች። «አሥራ አምስት ቀን ብቻ ይርዘምላት።»